ያለ ጠበቃ ስለ ልጅ መሟገት፦ ከ«በላ ልበልሃ» እስከ ሐዋሳ ችሎት

በሐዋሳ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ስለ ኢትዮጵያ የፍርድ ቤት ታሪክ ሳስተምር ከኋላ መቀመጫ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ በአገራችን ሰው ያለ ጠበቃ ፍርድ ቤት መቆም የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም እንደ ዋዛ «ጥያቄው መገልበጥ አለበት፤ በጠበቃ መቆም የጀመረው መቼ ነው በይኝ» ብዬ አለፍኩት። መልሱ ስሕተት አልነበረም። ከክፍል በኋላ ግን ተማሪዋ ቢሮዬ መጥታ የጠየቀችበትን ምክንያት ነገረችኝ። ትልቅ እኅቷ ከባሏ ተለያይታ ስለ ልጇ አሳዳጊነት ትከራከራለች፤ ጠበቃ የመያዝ አቅም የላትም። «እኅቴ በሰፈራችን የታወቀች ተናጋሪ ናት፤ ለሰው ሁሉ አስታራቂ እሷ ነበረች። ችሎት ገብታ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተናግራ ወጣች። የተጻፈላት አንድ መስመር ነው። እንዴት እንዲህ ይሆናል?» አለችኝ።

የጉዳዩን ዝርዝር አላነሣም፤ የእኔ አይደለምና። ጥያቄው ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። ደኅና ተናጋሪ የሆነ ሰው ስለ ገዛ ልጁ ተናግሮ የማይሰማበት ፍርድ ቤት ከየት መጣ?

ከጥንቱ እንነሣ። በቀድሞው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ «ቁራኛ» የምንለው ቃል የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ዳኛው የግድ ሹም መሆን አልነበረበትም። በመንገድ የሚያልፍ ጨዋ ሰው «ዳኘን» ከተባለ ጥላ ፈልጎ ቁጭ ብሎ ነገሩን ይሰማ ነበር። ክርክሩ የሚከፈተው «በላ ልበልሃ» በሚለው ጥሪ ነው። ተከራካሪው ነጠላውን አጣፍቶ፣ በትሩን ጨብጦ፣ እየተራመደና እየተመለሰ፣ ቤት በሚመታ ንግግርና በምሳሌ ባላጋራውን ይፈትነዋል፤ «ተጠየቅ» ብሎ ጥያቄውን ይወረውራል፤ ያኛውም ጥያቄውን ሳያመልጥ መመለስ አለበት። በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ። «እሰጥ አገባ» የሚለው አነጋገራችን ከዚሁ ውርርድ የወጣ ነው ይባላል። ተመልካቹ ሕዝብ ዳር ቆሞ ይሰማል፤ ጎበዝ ተሟጋች በአገሩ ስሙ ይነሣል። ልጆች ከብት ሲጠብቁ ሙግት ይጫወቱ እንደ ነበር አያቶቻችን ይነግሩናል፤ ዛሬ ልጆች ኳስ እንደሚጫወቱት ማለት ነው።

በዚህ ሥርዓት ራስን ችሎ መቆም የድኻ ዕጣ አልነበረም፤ ወጉ ያ ነበር። ነገረ ፈጅ የሚባለው ሰው የነበረው ለመኳንንቱና ለትልልቅ ገዳማት ሲሆን፣ እርሱም የተመረጠው በአንደበቱና ልማድ በማወቁ እንጂ ትምህርት ቤት ገብቶ ሕግ በመማሩ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ሰጡ፤ የተከራካሪው አቋቋም ግን በዚያ አልተለወጠም። ዛሬ በጽሑፍ የምናቀርበውን ማመልከቻ «አቤቱታ» የምንለው እንኳ «አቤት» ከሚለው ጩኸት ነው። ቃሉ ወረቀት ከመሆኑ በፊት ድምፅ ነበር።

ሴቶችስ? ብዙ ሰው ሴት በዚያ መድረክ አልነበረችም ብሎ ያስባል። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ከ1750ዎቹ እስከ 1850ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የበጌምድርን የመሬት መዛግብት መርምሮ በ1982 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሴቶች የርስት ባለቤትና የርስት ተከራካሪ ሆነው እንደሚገኙ አሳይቷል። ልብ በሉ፤ የተከራከሩት ስለ መሬት ነው። መሬት በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ስለ ነበር ክርክሩ ዱካ ትቶልናል። ስለ ልጅ የተደረገው ክርክር ግን በዘመድ ሸንጎ ተጀምሮ በዘመድ ሸንጎ የሚያልቅ በመሆኑ ብዙ ጽሑፍ አልተወልንም ብዬ እገምታለሁ። የታሪክ ተማሪዎች ይህን ዝምታ «ክርክር አልነበረም» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት።

እዚህ በሲዳማ ምድር ሥርዓቱ ሌላ መልክ ነበረው። ሽማግሌዎች በሶንጎ ይቀመጣሉ፤ ነገሩ የሚመራው «አፊኒ» በሚባለው ወግ ነው። አፊኒ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። የሚፈለገውም ሐላሌ፣ ማለትም እውነቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። አንደኛው ወግ «ልናገር» በማለት ይጀምራል፤ ሁለተኛው «ሰማችሁ ወይ» በማለት። ልዩነቱን አጋንኜ ሁለቱን ሕዝቦች በሁለት ቃል መለየት አልፈልግም፤ በበላ ልበልሃም ሰሚ ነበረ፣ በሶንጎም ተናጋሪ ነበረ። ሆኖም በኋላ ለምናነሣው ነገር ይጠቅመናል። ሶንጎ በልማድ የወንዶች ሸንጎ እንደ ነበር፣ ልጅም በአባት የዘር ሐረግ እንደሚቆጠር መዘንጋት የለበትም። ሴቶች በደል ሲደርስባቸው በያካ ተሰባስበው ድምፃቸውን ያሰሙ ነበር፤ ይህም ራሱን የቻለ የሙግት ታሪክ ነው።

በእነዚህ ሥርዓቶች ሁሉ ክርክሩ የሚታሰበው በሁለት ወገን ነው። መሬትም ሆነ ከብት ወይም ደም የሚከራከሩበት ነገር ዝም ይላል፤ ለረታው ይሰጣል። ልጅ ግን ዝም የሚል ንብረት አይደለም። ያድጋል፣ ይታመማል፣ ይማራል፣ ይናገራል። በዛሬ ዓመት የሚስማማው በከርሞ ላይስማማው ይችላል። የበላ ልበልሃ ጥበብ ባላጋራን ማሳፈር ነው፤ የልጅ ጉዳይ ደግሞ ባላጋራን በማሳፈር የማይረታበት ብቸኛው ክርክር ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ 1952 ዓ.ም. እንለፍ። ያ ዓመት ለእኛ ለሐዋሳ ሰዎች ከተማችን የተቆረቆረችበት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም የወጣው በዚያው ዓመት ሲሆን መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ከተማዋና ሕጉ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ሕጉን ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበር። በአንቀጽ 681 ላይ ስለ ልጆች አጠባበቅ ሲወሰን የሚታየው የልጆቹ ጥቅም ብቻ እንደ ሆነ ተደነገገ፤ ከባድ ምክንያት ከሌለም ልጁ እስከ አምስት ዓመቱ በእናቱ ዘንድ እንዲቆይ ተባለ።

ይህ የአምስት ዓመት ገደብ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር ካሮላይን ኖርተን የተባለች ደራሲ ባሏ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ወስዶ ሲከለክላት ሕጉ ለእናት አንዳች መብት እንደማይሰጥ አየች። በ1836 እ.ኤ.አ. ባሏ ስለ እርሷ ሌላ ሰው ከስሶ ሲከራከር እርሷ ራሷ በችሎቱ የመሰማት መብት አልነበራትም። ብዕሯን አንሥታ ጽሑፍ እየጻፈች እንደራሴዎችን ወተወተች፤ በ1839 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ እናት ከሰባት ዓመት በታች ስላሉ ልጆቿ አቤት እንድትል ፈቀደ። የእርሷ ችግር ያለ ጠበቃ መቆም ሳይሆን ጨርሶ መቆም አለመቻል ነበር። የእኛዋ የበጌምድር ባለርስት ስለ መሬቷ ቆማ ስትከራከር፣ የለንደኗ ደራሲ ስለ ልጆቿ መቆም አልቻለችም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ደስ ይለኛል፤ ለኩራት አይደለም፣ የሥልጣኔ መስመር ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አይሄድም ለማለት ነው።

የ1952ቱ ሕግ ፍቺን የሰጠው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌ ዳኞች ነበር። እነዚህም አብዛኛውን ጊዜ በጋብቻው ምስክር የነበሩ ሰዎች ናቸው። እንግዲህ ባልና ሚስት የሚከራከሩት በሚያውቋቸው ሰዎች ፊት፣ በሚያውቁት ቋንቋና ወግ ነበር። ጠበቃ የሚያስፈልግበት ቦታ አልነበረም። ጉድለቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ባብዛኛው ወንዶች ናቸው፣ ሕጉ ራሱ ባልን የቤተሰብ የበላይ አድርጎ ያቆመ ነው፣ የሽማግሌዎቹ ሚዛንም ልጁን ከመመልከት ይልቅ ሁለቱን ዘመድ ላለማስቀየም ያደላ ነበር። ሽምግልናውን የሚናፍቁ ሰዎች ይህን ሲረሱት አያለሁ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ሰው እምብዛም በማያነሣው ሕግ ነው፤ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ። ይህ ሕግ ተከራካሪ ራሱ መቅረብ አይችልም አላለም፤ በግልጽ ይፈቅዳል። ነገር ግን ክርክሩን ከአንደበት አውጥቶ ወረቀት ላይ አኖረው። በአንቀጽ 222 የክስ ማመልከቻ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ተዘረዘረ፤ በአንቀጽ 223 ማስረጃው ከክሱ ጋር በዝርዝር ተያይዞ እንዲቀርብ ታዘዘ፤ በአንቀጽ 234 የመከላከያ መልሱ ቅርጽ ተወሰነ። ከሳሽ በቀጠሮው ካልቀረበ መዝገቡ ሊዘጋበት፣ ተከሳሽ ካልቀረበ በሌለበት ሊወሰንበት ይችላል። ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። በአደባባይ ሦስት ሰዓት የሚሟገተው ሰው ነገሩን በሦስት ገጽ፣ በተራ ቁጥር፣ «የምጠይቀው ዳኝነት» በሚል ርእስ ሥር እንዲያሰፍር ተጠየቀ።

ይህ ሕግ ሲወጣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ በ1956 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ጠበቆች ለሚሟገቱበት አገር የሚሆን ሥነ ሥርዓት፣ ጠበቃ በሌለበት አገር ታወጀ ብል ብዙም አላጋነንኩም። ክፍተቱን የሞላው በየፍርድ ቤቱ በር ጃንጥላ ዘርግቶ ወይም ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የሚቀመጠው የማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ስለ ጠበቆች ታሪክ ሲጻፍ እነዚህ ሰዎች አይነሡም፤ እኔ ግን የአገራችን የሙግት ጽሑፍ በአብዛኛው የእነርሱ እጅ ሥራ ነው እላለሁ። ባለጉዳዩ ይናገራል፣ እርሱ ይጽፋል፤ ጉዳቱም ከዚያው ይጀምራል። የማመልከቻ ጸሐፊው ለመሬትም፣ ለኪራይም፣ ለልጅም አንድ ዓይነት ቋንቋ ነው ያለው። የአባትየው ስካር፣ የእናትየው መሄድ፣ የአማት ስድብ በረጅሙ ይሰፍራል። ልጁ በመጨረሻው መስመር «ሕፃኑ ይሰጠኝ» በሚለው ውስጥ ብቻ ይገኛል። በላ ልበልሃ ወደ ወረቀት ገባ ማለት ነው፤ ግን ዜማውን ጥሎ።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ አቅጣጫውን ለውጧል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶችን ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀላቀለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ጥቅም ቀዳሚ እንዲሆን ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺ የመወሰኑን ሥልጣን ከሽማግሌዎች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ የደቡብ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 75/1996 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ፤ ሲዳማ ክልል እስከ ሆነችበት እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ሐዋሳ በዚህ ሕግ ትዳኝ ነበር። በፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 113 መሠረት ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ አጠባበቃቸው፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ቀለባቸውና ሌላው ወላጅ ስለሚጠይቅበት ሁኔታ አብሮ መወሰን አለበት። ሲወስንም የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ይመለከታል። የአምስት ዓመቱ ገደብ በዚህ ሕግ የለም።

እዚህ ላይ የሕግ ተማሪዎች እንድትነቁ እለምናለሁ። በፍትሐ ብሔር ክርክር የለመድነው መርሕ ዳኝነት ያልተጠየቀበት ነገር አይወሰንም የሚል ነው። ስለ ብድር ውል ስትከራከር ወለድ ካልጠየቅህ ወለድ አታገኝም። የልጅ ጉዳይ ግን እንደዚያ አልተቀረጸም። ሕጉ «ፍርድ ቤቱ ይወስናል» ሲል ግዴታውን በዳኛው ትከሻ ላይ አስቀምጧል። ጠበቃ የሌላት እናት ስለ ቀለብ መጠየቅ ብትረሳ፣ ጠበቃ የሌለው አባት ልጁን የሚጠይቅበትን ቀን ማመልከት ሳያውቅ ቢቀር፣ መርሳታቸው የልጁን መብት ሊያስቀር አይገባም። የሥነ ሥርዓት ሕጉም በአንቀጽ 241 ዳኛው ክርክሩን ከመስማቱ በፊት ተከራካሪዎቹን ራሱ እንዲመረምር መንገድ ከፍቷል። መሣሪያው አለ። የጎደለው በየዕለቱ እጅ ውስጥ መግባቱ ነው፤ በአንድ ጠዋት በርካታ መዝገብ ለሚጠብቀው ዳኛ ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የሰጠውን ውሳኔ ያላነበበ የሕግ ተማሪ እዚህ አይኖርም ብዬ አምናለሁ። ጉዳዩ የመነጨው ከዚሁ ከደቡብ ክልል ፍርድ ቤቶች ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳድጋዋለች፤ አባት ቀርቦ ልጁ ለእኔ ይገባል አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች አባትነትን ተመልክተው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ግን ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶችን ስምምነት ጠቅሶ፣ ጥያቄው «ለማን ይገባል» ሳይሆን «ለልጁ የሚበጀው የት ነው» መሆን አለበት ብሎ ውሳኔውን ሻረ፤ ልጁም ካሳደገችው ዘንድ እንዲቆይ ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የሰበር ትርጓሜ የሥር ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድድ ስለ ነበር ይህ ትርጓሜ በመላ አገሪቱ የሚሠራ ሆነ።

በዚህ መዝገብ የሚገርመኝ የውሳኔው ውጤት ብቻ አይደለም። ልጁን በልቷልና በጠጥቷል፣ በታሟልና በተምሯል የሚያውቀው ወገን በሕግ ረገድ ደካማው ወገን መሆኑ ነው። ጠንካራ መብት ያለው አባት ነው፤ ጠንካራ ዕውቀት ያላት አሳዳጊዋ ናት። የልጁ ጥቅም ሚዛን ሲሆን ዕውቀት መብትን ረታ። ያለ ጠበቃ የሚቆሙ ወላጆች ብዙዎቹ ያላቸው ይኸው ዕውቀት ነው፤ ልጁ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው፣ መምህሩ ማን እንደ ሆነ። ግን ይህን ማስረጃ ነው ብለው አያስቡም። እነርሱ ማስረጃ የሚሉት የትዳር ጓደኛቸውን በደል ነው።

ስለ ቃላትም አንድ ነገር ልጨምር። ሕጋችን «አሳዳሪ»ና «ሞግዚት» ብሎ ይለያል፤ አሳዳሪ የልጁን አካልና አስተዳደግ ይጠብቃል፣ ሞግዚት ንብረቱንና ሕጋዊ ጥቅሙን ያስጠብቃል። በቤታችን ግን ሞግዚት ማለት ልጅ የምትይዝ ሠራተኛ ናት። «ሞግዚትነት ይሰጠኝ» ብላ ያስጻፈች እናት ከችሎት ስትጠየቅ ግራ ብትጋባ ጥፋቱ የእርሷ አይመስለኝም።

ጠበቃ ማግኘቱስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 በመንግሥት ወጪ ጠበቃ የሚያቆመው በወንጀል ለተከሰሰ ሰው ነው፤ ስለ ልጅ ለሚከራከር ወላጅ እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። በአንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘት መብት አለ፤ ግን በሩን ይከፍታል እንጂ ወንበር አያቀርብም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዘዘ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሐዋሳን ጨምሮ በቅርንጫፎቹ ለብዙ ሴቶች ማመልከቻ ጽፏል፣ ቆሞም ተከራክሯል፤ የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከውጭ የሚመጣውን ገንዘብ ሲገድብ አገልግሎቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲያችን የሕግ ትምህርት ቤት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አሉ፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዳንዶቻችሁ የምትሠሩባቸው። ሀብታሞቹ አገሮችም ይህን አልፈቱትም። በእንግሊዝና በዌልስ ከሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወላጆች መካከል ለሚደረግ የልጅ ክርክር የመንግሥት የጠበቃ ድጎማ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ተነሥቷል፤ ወላጆች ፎርም በእጃቸው ይዘው ብቻቸውን ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። የካሮላይን ኖርተን አገር ዛሬ የደረሰበት እኛ ሁልጊዜ ከነበርንበት ብዙም የራቀ አይደለም።

በሐዋሳ የቋንቋው ነገር አለ። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳሙ አፎ ነው፤ ከተማችን ደግሞ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት፤ ወላይትኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሌላም የሚናገር ጎረቤት አለን። በአፉ መፍታት ያልቻለውን ነገር በአስተርጓሚ የሚናገር ወላጅ ሁለት ጊዜ ያሳጥረዋል፤ መጀመሪያ በራሱ፣ ቀጥሎ በአስተርጓሚው። በዚህ ምክንያት እንኳ ጥያቄው ከዳኛው ቢመጣ ይሻላል። ረጅም ንግግር ተተርጉሞ ይጠፋል፤ አጭር ጥያቄና አጭር መልስ ተተርጉሞ ይተርፋል። አፊኒን ያነሣሁት ለዚህ ነበር።

ወደ ተማሪዋ እኅት ልመለስ። ተማሪዋ በሌላ ቀን የእኅቷን ማመልከቻ ቅጂ ይዛልኝ መጣች፤ አራት ገጽ ነው። ቁጭ ብለን ስለ ልጁ የሚናገሩትን መስመሮች በእርሳስ አሰመርንባቸው። አምስት መስመር አገኘን። የቀረው ስለ ባልየው ነው፤ እውነት አይደለም አልልም፤ አንዳንዱ በጣም የሚያሳዝን ነው። ልጁን የመታበት ወይም ያስፈራራበት ቢኖር ደግሞ ያ ስለ ልጁ ነውና ቀድሞ መጻፍ ነበረበት፤ እርሱም አንድ ቦታ በሦስተኛው ገጽ ላይ ተደብቆ አገኘነው። ከእኅቷ ጋር ተነጋግራ የክትባት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኞችን፣ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የደመወዝ ማስረጃውን፣ ልጁን በየቀኑ ከትምህርት ቤት የምታመጣውን ጎረቤት የምስክርነት ጭብጥ እንድታሰባስብ መከርኳት። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ለማይችል ሰው የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ በድህነት ክስ የሚመሠረትበትን መንገድ እንደሚሰጥ ነገርኳት፤ ይህን ያወቀችው ዛሬ ነው። ማዕከላችን ማመልከቻውን እንዲያይላትም ላክኋት። እኔ የታሪክ ሰው ነኝ፤ ጠበቃ አይደለሁም፤ ከዚያ በላይ ማለት አልደፈርኩም።

እኅትየዋ ቅር ብሏታል አሉ። «የተበደልኩትን ሁሉ ካወጣችሁት ምን ቀረልኝ?» አለች። ይህን አባባል ቀላል አድርጌ ማለፍ አልችልም። በደሏን በአደባባይ መናገር ለእርሷ ፍትሕ የሚሆንበት ወግ ከጀርባዋ አለ፤ እስካሁን የነገርኳችሁ ታሪክ የእርሷ ነው። ሕጉ በደሏን የሚሰማበት ሌላ ቦታ ሊኖር ይገባል፤ በፍቺው ክርክር፣ በካሳው ጥያቄ፣ ወንጀል ከሆነም በፖሊስና በዐቃቤ ሕግ ዘንድ። ስለ ልጁ በተከፈተው መዝገብ ውስጥ ግን ቦታው ጠባብ ነው፤ ይህንንም ጠበቃ ኖሯት ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ይነግራት ነበር።

የሚቀጥለው ቀጠሮ በዚህ ወር መጨረሻ ነው። ተማሪዋ ውጤቱን እንደምትነግረኝ ቃል ገብታልኛለች። ማመልከቻው ከአራት ገጽ ወደ ሁለት ገጽ ወርዷል፤ የመጀመሪያው አንቀጽ የሚጀምረው በልጁ ስምና ዕድሜ ነው።

 ጥያቄ ያላችሁ እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ከኋላ ያላችሁትን ድምፃችሁን አልሰማም።